መታሸት መቼ ይጠቅማል፣ መቼ ይጎዳል?

(እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ለእህቶች የተሰጠ ንግግር)

ሻይ የያዛችሁ ሻያችሁን እየጠጣችሁ፣ እግራችሁን መዘርጋት የምትፈልጉም ዘርግታችሁ አዳምጡኝ። የዛሬው ወሬያችን ስለ እግር፣ ስለ ወገብና ስለ ትከሻ ስለሆነ እግሯን የዘረጋችውን ማንም አይቆጣትም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔም እንደ እናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ዳሌዋ ተሰብሮ የተጠገነ አንዲት ቴታ ለዓመታት አስታምሜአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ እየመጣች ታሠራት ነበር። እሷ በማትመጣባቸው ቀናት የማሠራት እኔ ስለሆንኩ፣ እጄን ይዛ "እዚህ ጋ ጫን አድርጊ፣ እዚህ ጋ ግን አትንኪ" እያለች አስተማረችኝ። ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን ስትሉኝ ልነግራችሁ የምችለው ይህንኑ ነው። በመካከላችን ነርሶች ስላሉ ደግሞ የጎደለውን ይሞሉልኛል።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው

መታሸት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ገና መዳህ ሳንጀምር በቅቤ ታሽተን ያደግን ነን። እናቶቻችን ሕፃኑን አጥበው ሲጨርሱ ጀርባውን እየዳበሱ፣ እጅና እግሩን ሳብ ሳብ እያደረጉ ያሹት ነበር። ትልቅ ሰው ወለም ሲለው ደግሞ ወጌሻ ይጠራል። የቃሉን ክብር ለማየት ኳስ ጨዋታ መስማት ይበቃል፤ ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቦርሳውን ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ጋዜጠኞቻችን ወጌሻ ነው የሚሉት። ሰውነቱ የደከመ ደግሞ ፍልውሃ ይወርዳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው ይኸው ፍልውሃ ነበር። ሶደሬም ወንዶ ገነትም ስማቸው የታወቀው በፍል ውሃቸው ነው።

እዚህ አገርም ሐማም አለ። የእኛን ዋግምት የሚመስለውን እነሱ ሒጃማ ይሉታል። ሰው በየትም አገር ሲያመው ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚዳብሰው እጅም ይፈልጋል። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እኛ ግን እናታችንም ወጌሻውም ፍልውሃውም ሩቅ ናቸው። ስለዚህ እጅ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ራሳችን ማወቅ አለብን።

እጅ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

የእኛን ሥራ እስቲ አስቡት። በረንዳ ማጠብ፣ መስኮት ላይ ተንጠላጥሎ ማበስ፣ ክረምት ሲገባ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ሲወጣ ጠቅልሎ ማንሳት፣ ሦስት ሰዓት ቆሞ መተኮስ። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ሲቆም ደግሞ የውሃ ጋሎን ተሸክሞ አምስት ፎቅ መውጣት። አንድ ጡንቻ ሳያርፍ ሲሠራ ይጠነክራል፤ ስንነካው እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር እናገኛለን። "ጅማቴ ዞረ"፣ "ብርድ ገባብኝ" የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

በደንብ የሚያሽ እጅ ያንን የተኮማተረ ጡንቻ ያላላዋል። ቆዳ በቀስታና በእኩል ግፊት ሲነካ ሰውነት ይረጋጋል፤ ትንፋሽ ይረዝማል፣ ሕመሙም ይደበዝዛል። ከታሸን በኋላ እንቅልፍ የሚመጣው ለዚህ ነው። ይህ ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን የሚቆየው ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው። የአሠራራችን ሁኔታ ካልተለወጠ ሕመሙ ይመለሳል።

እጅ የማይችለውንም እንወቅ። መታሸት የተሰበረ አጥንት አይገጥምም። የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም። የውስጥ በሽታ አያወጣም። "በጣም ካላመመ አልታሸም" የሚባለውም እውነት አይደለም። ጥሩ ስሜት የሚሰጥ ሕመም አለ፤ "አዎ፣ እዚያው ጋ" የሚያሰኝ። ትንፋሽ የሚያስይዝና ጥርስ የሚያስነክስ ሕመም ግን ሰውነት "ተዉኝ" እያለ ነው ማለት ነው።

የቴታን ነገር ልንገራችሁ። ያቺ ባለሙያ ስትመጣ ቀኑን ሙሉ ታሻታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የምታሻት ግን አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ታንቀሳቅሳት ነበር። ተረከዝ ወደ ቂጥ መሳብ፣ ጉልበት መዘርጋት፣ አልጋ ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ቆይቶም በመደገፊያ መቆምና ከአልጋ እስከ በር መሄድ። ቴታ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ታለቅሳለች፤ ባለሙያዋ ግን "ማሸቱ ለእንቅስቃሴው ያዘጋጃታል፣ የሚያድናት ግን መንቀሳቀሱ ነው" ትለኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ማለት ይህ ነው። የእኛም ወገብ እንዲሁ ነው። ድንገት የያዘን የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ ቶሎ የሚሻለው ደግሞ አልጋ ላይ ከመዋል ይልቅ ቀስ እያሉ ሲንቀሳቀሱ ነው።

የማይታሽባቸው ጊዜያት

አሁን የምናገረውን ሌላው ቢረሳችሁ እንኳ ይህን እንዳትረሱት። ለቀሩት እህቶችም ንገሩ።

አንደኛ፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ። ባቱ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ፣ በተለይም ከወሊድ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ ከሆነ፣ ወይም የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ እህት ከሆነች፣ በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ይህን እግር ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል፤ ሰው ይገድላል። አትሹ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ግን መኪና ፍለጋ አትቁሙ፤ ቀይ መስቀልን በ140 ደውሉ።

ሁለተኛ፣ የወገብ ሕመም ሆኖ በእግር መካከል ያለው ቦታ ሲደነዝዝ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ሲል፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ሲዝሉ። ይህ ነርቭ መጨቆኑን ያሳያል። ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ሦስተኛ፣ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ አከርካሪንም ይይዛል። በመድኃኒት ይድናል፣ በመታሸት ግን አይድንም።

አራተኛ፣ ወድቀሽ ወይም ተጣምመሽ ገና ሁለትና ሦስት ቀን ሳይሞላ። አዲስ ወለምታ አይታሽም፣ ሙቅ ነገርም አይደረግበትም፤ እብጠቱ ይብሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርጊበት፣ በቀን ደጋግሚው፣ እግርሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻልሽ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ያስፈልግሻል። በአገራችን በጥብቅ የታሰረ ስብራት ደም አጥቶ እጅና እግር እስከማስቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች አሉ። ፋሻም ይሁን ጀሶ ከታሰረልሽ በኋላ ጣቶችሽ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ ማሰሪያው ጠብቋል ማለት ነው። ፋሻው ወዲያው ይላላ፤ ጀሶ ከሆነ እየሮጡ ወደ ሆስፒታል።

አምስተኛ፣ እርግዝና። የነፍሰ ጡር ሆድ አይታሽም። "ልጁን ላስተካክል" ብሎ ሆድ መጫን እንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቀው ይችላል። ትከሻዋንና እግሯን በቀስታ መዳበስ ግን ይቻላል።

ስድስተኛ፣ አንገት። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ "ቀጭ" ማድረግ ሲያምር እናየዋለን። አልፎ አልፎ ግን ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ይሰነጥቃል፤ ሰው በዚያው ሽባ ይሆናል። ማንም አንገታችሁን እንዲጠመዝዝ አትፍቀዱ።

ሰባተኛ፣ ዋግምትና ሒጃማ በምላጭ። ምላጩ ሌላ ሰው የተነካበት ከሆነ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ያስተላልፋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ በአንድ ምላጭ መበጣት የለም።

ማሽንም አለ፤ የሚንቀጠቀጥ ወንበር፣ እንደ መሰርሰሪያ ያለ የእጅ ማሺያ። ማዳም ገዝታ ከጣለችው ልትጠቀሙበት ትችሉ ይሆናል። ሥጋ በበዛበት ቦታ ላይ፣ በዝቅተኛው ኃይል፣ ለአንድና ሁለት ደቂቃ ችግር የለውም። አጥንት ላይ፣ አንገት ላይ፣ የደነዘዘ ወይም ያበጠ ቦታ ላይ ግን አይደረግም።

በየክፍላችን ልናደርገው የምንችለው

አሁን ደግሞ ወደሚጠቅመው እንሂድ። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልነግራችሁም።

ለትከሻና ለጀርባ አንድ የቴኒስ ኳስ ይበቃል፤ የቤቱ ልጆች ከሶፋ ሥር የረሱት አይጠፋም። ኳሱን በግድግዳና በጀርባችሁ መካከል አድርጉ፤ አከርካሪው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ሥጋ ላይ። ተደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ውረዱና ውጡ። የሚያመው ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ አምስት ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አያስፈልግም።

ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ተረከዛችሁን እንደ ሚስማር የሚወጋችሁ አላችሁ። አንድ የውሃ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡና ማታ ካልሲ አድርጋችሁ በውስጥ እግራችሁ ለአምስት ደቂቃ አንከባልሉት። ቤት ውስጥ በባዶ እግር ወይም በስስ ሸበጥ መዋል ይቅር፤ ወፍራም ሶል ያለው ነጠላ ጫማ ይሻላል።

ለተኮማተረ ወገብ ሙቀት ጥሩ ነው። ማይክሮዌቭ ካለ አንድ ንጹሕ ካልሲ ሩዝ ሞልታችሁ አፉን ቋጥራችሁ ለአንድ ደቂቃ አሙቁት። መብራት ከሌለ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ በፎጣ ጠቅልሉት። መጀመሪያ በክንዳችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ለ15 ደቂቃ ያህል ተጠቀሙ። ስኳር ያለባት እህት እግሯ ሙቀቱን ላይለየው ስለሚችል እግሯ ላይ አታድርግ፤ ሳታውቀው ትቃጠላለች።

ሌሊት አውራ ጣታችሁ፣ ሌባ ጣታችሁና መሀል ጣታችሁ እየደነዘዙ የሚቀሰቅሷችሁ ስማችሁን ልጥራ? ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ጨርቅ እየጨመቅን፣ ካውያ ጨብጠን ስለምንውል በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ይጨናነቃል። ይህን አጥብቆ ማሸት አያድነውም። ማታ አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ከፋርማሲ ይገኛል፤ ካልተገኘም እጃችሁን አጥፋችሁ ከጉንጫችሁ ሥር አታስተኙት። የወለል ጨርቅ ስትጨምቁ በቧንቧው ላይ አንጠልጥላችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ ኃይሉ ከክንድ ይመጣል። አውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ወይም ዕቃ ከእጅ እየወደቀ ከሆነ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

አሠራራችንንም እናስተካክል። ባልዲ ግማሹን ብቻ ሙሉት፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ ከአንድ ወር የወገብ ሕመም ይሻላል። ከባድ ነገር ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉ፣ ይዛችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። ስትተኩሱ አንድ እግራችሁን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አሳርፉ፤ እግር ቀያይሩ። በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ማዳም ካየች "ሪያዳ" በሏት፤ ስፖርት ማለት ነው።

አሮጊት ወይም ሽማግሌ ለምታስታምሙ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የተኛ ሰው ወገቡና ተረከዙ ላይ ቀይ ምልክት ሲወጣ ብዙዎቻችን በቅባት እናሸዋለን። ያ ቦታ መታሸት የለበትም፤ ቆዳው ከሥሩ ስለተጎዳ ይላጣል፣ ቁስል ይሆናል። መድኃኒቱ በየሁለት ሰዓቱ ገልበጥ ማድረግና ቦታውን ከጫና ማሳረፍ ነው። ስታገላብጡም ብቻችሁን በብብት ስባችሁ አታንሱ፤ አንሶላውን ከሥር አጥፋችሁ በሁለት ሰው ሳቡ።

ስለ ክኒንም ሳልናገር አላልፍም። እንደ ብሩፈንና ቮልታረን ያሉት የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። በባዶ ሆድ አይወሰዱም። ፓናዶል የ500 ሚሊግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። በየሳምንቱ መርፌ እየተወጉ ወገብ እያደነዘዙ መሥራት ሕመሙን መሸፈን ነው እንጂ መዳን አይደለም።

"እሺኝ" ስንባል

እስካሁን የነገርኳችሁ ስለ ሕመም ነው። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በየጓዳው ለብቻዬ የጠየቃችሁኝን በአደባባይ ልመልስ።

የምታስታምሚያት ቴታ እግሯን እንድትዳብሽላት ብትጠይቅ የማስታመሙ አካል ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍቅር ነው። ማዳም ትከሻዬን እሺኝ ብትል እንደ ፈቃድሽና እንደ አቅምሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሰዓት ማሸት ግን የቤት ሥራ አይደለም፤ ደክሞኛል ማለት ይቻላል።

ሚስተሩ ወይም ልጁ፣ ወይም እንግዳ ሆኖ የመጣ ዘመድ "ነይ እሺኝ" ቢልሽ ግን መልሱ አንድ ነው፦ አይሆንም። "ማ ባዕሚል ማሳጅ" በይው፤ ማሳጅ አልሠራም ማለት ነው። "ሃይዳ መሽ ሹግሊ"፤ ይህ ሥራዬ አይደለም። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ በር ክፍት እንደሆነ፣ ቆመሽ ተናገሪው። ከዚያም ወደ ወጥ ቤት ወይም ሰው ወዳለበት ሂጂ። በዚያው ቀን ለአንዲት እህት ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ላኪላት፤ ጽሑፉ ኋላ ይጠቅማል። ከመንካት ጀምሮ ያለው ነገር ሁሉ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ የአንቺ አይደለም። ይህንን ለመናገር የምታፍሪ ከሆነ ለእኛ ንገሪን፤ በዚህ አዳራሽ ማንም አይፈርድብሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ይህም እንደዚያው ነው።

ሌላው ደግሞ በስልክ የሚላከው የሥራ ማስታወቂያ ነው። "ማሳጅ ቤት፣ ደመወዝ እጥፍ፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ወረቀት እናስተካክላለን።" ይህ አዲስ ተንኮል እንዳይመስላችሁ። በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት በለንደን ስለነበሩ ማሳጅ ቤቶች ጽፎ ነበር፤ ከብዙዎቹ በስተጀርባ የነበረው ሴተኛ አዳሪነት ነው፣ ሠራተኞችም ይታለላሉ ብሎ። በዚያን ጊዜ በእጃቸው ሙያ በእውነት ሕሙማንን የሚረዱ ሴቶች ስማቸው አብሮ ጠፋ። በዚያው ዓመት አራት ነርሶችና አዋላጆች ተሰብስበው የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ። ፈተና አወጡ፤ ደንብም አወጡ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሸት የለም፤ ሐኪም በተለይ ካላዘዘ በቀር ወንድ ማሸት የለም፤ እንደ ሸቀጥ በየጋዜጣው ማስታወቅ የለም። ያ ማኅበር አድጎ ዛሬ የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር ሆኗል።

ይህን የነገርኳችሁ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማሸት የተከበረ ሙያ ነው፤ ሠልጥናችሁ ብትሠሩት አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ እነዚያ ሴቶች ያወጡት ደንብ ዛሬም ይሠራል። ሥራው እውነተኛ ከሆነ ሥልጠና ይጠይቃል። "ልምድ አያስፈልግም" ያለ ሰው የሚፈልገው እጅሽን እንዳልሆነ ጠርጥሪ። ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ፦ አድራሻው የት ነው? በቀን ከጓደኛዬ ጋር መጥቼ ላየው እችላለሁ? ፓስፖርቴን ማን ይይዛል? ኢቃማዬ በማን ስም ይሆናል? ደንበኞቹ እነማን ናቸው? ስፖንሰርሽን ጥለሽ ስትወጪ የመኖሪያ ፈቃድሽ አብሮ እንደሚቀር አትርሺ፤ አታላዩ የሚይዝሽ በዚሁ ነው። አንዱን ጥያቄ እንኳ ካልመለሰ፣ ወይም "ዛሬውኑ ካልመጣሽ ያመልጥሻል" ካለሽ ተይው።

እኛም ስንታሽ ደንብ ይኑረን። ወጌሻ ነኝ የሚል ወንድ በተከራየው ቤት ብቻችሁን አትግቡ፤ ሌላ ሴት አብራችሁ ትቀመጥ። ልብስ ማውለቅ ለትከሻና ለጉልበት አያስፈልግም። "በቃ" ስትሉ የማያቆም እጅ ሐኪምም ወጌሻም አይደለም።

ሕመማችንን እንናገር

ብዙዎቻችን የምንሠቃየው ቋንቋ ስለሚያጥረን ነው። እነዚህን በቃል ያዙ። "ዳህሪ ዓም ዩጀዕኒ" ጀርባዬን እያመመኝ ነው። "ኢጅሪ ዋርሜ" እግሬ አብጧል። "ኢዲ ዓም ትነሚል" እጄ እየደነዘዘ ነው። "ማ ፊኒ ኢሕሙል ሺ ትኢል" ከባድ ነገር መሸከም አልችልም። "ላዚም ሹፍ ሐኪም" ሐኪም ማየት አለብኝ፤ ሐኪም በእነሱም ሐኪም ነው፣ ይህቺን እንኳ አንረሳም። ፊዚዮቴራፒ ሲባል "ዒላጅ ፊዝያኢ" ነው። ስትናገሩ መቼ እንደጀመረና የትኛው ሥራ እንደሚያብሰው ጨምሩ። "ሁሉ ነገሬን አመመኝ" ሲባል ብዙዎች ሰነፈች ይላሉ፤ "ከሰኞ ጀምሮ ጋሎን ሳነሳ ቀኝ ወገቤን" ሲባል ግን ይሰማሉ።

እንግዲህ ወሬው ይብቃና እጃችንን እንጠቀም። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንዷ ወንበሩን ገልብጣ ትቀመጥ፣ ግንባሯን መደገፊያው ላይ ታሳርፍ። ሌላዋ መጀመሪያ "ልንካሽ? የሚያምሽ የት ነው?" ብላ ትጠይቅ። እጃችሁን አፍተልትላችሁ አሙቁት። መዳፋችሁን ትከሻዋ ላይ አሳርፉና ሦስት ጊዜ አብራችሁ ተንፍሱ። ከዚያ በሙሉ መዳፍ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ቀጥሎ በአውራ ጣትና በጣቶቻችሁ መካከል ሥጋውን እንደ ሊጥ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ እሹ። የጀርባ አጥንቱን አትጫኑ፤ ከጎንና ከጎኑ ብቻ። በየመሀሉ "ደህና ነው? ይበቃል?" በሉ። አምስት ደቂቃ ለአንዷ፣ ከዚያ ተለዋወጡ።

ዛሬ አዲስ የመጡ እህቶች አሉ፤ ማንም የማያውቋቸው ብቻቸውን እንዳይቀሩ አጠገባችሁ ያለችውን ያዙ። ብዙዎቹ አገር ቤት ከወጡ ወዲህ በደግ እጅ የነካቸው ሰው የለም። ምንም ገንዘብ ሳናወጣ ይህን ልናደርግላቸው እንችላለን። ሌሊት እጇ የሚደነዝዝ፣ እግሯ ያበጠ ወይም ማታ ማታ የሚያተኩሳት ካለች ግን ከመታሸቷ በፊት ወደ ነርሶቹ ጠረጴዛ ትምጣ። ወንበሮቹን አዙሩ።